ከደጀ ሰላም ውጭ

ሐምሌ ሃያ ዘጠኝ ቀን 2071 ዓ.ም. ጠዋት የበራችን መብራት ቢጫ ሆነ። እኔ ገና ፊቴን አልታጠብኩም ነበር። መጀመሪያ ያየችው ፊት ለፊታችን የምትኖረው ጎረቤት ሳትሆን አትቀርም፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ በራችን ሥር በሰሃን ስድስት እንቁላል ተቀምጦ አገኘሁ። ማን እንዳመጣው አልጠየቅኩም። ለቢጫ በር የሚሰጥ ሰው ስሙን አይናገርም፤ ልማዱ እንዲህ ነው።

ወደ ሥራ ስወርድ ባለሱቁ ከያዝኩት ዕቃ ውስጥ ቡናውን አንሥቶ መደርደሪያው ላይ መለሰና በምትኩ ወተት አስገባልኝ። ቢጫ ላይ እንኳን ደስ ያለሽ አይባልም፤ ዓይን ይበላዋል ተብሎ ይፈራል። ጣቢያው ስደርስ ደግሞ አለቃዬ ወንበር ይዞ ጠበቀኝ። አራት ዓመት ሙሉ ቆሜ በሠራሁበት ቦታ ወንበር ሲቀርብልኝ ያን ቀን የመጀመሪያው ነው።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚለው ያገሬ ሰው እውነቱን ነው። ደሴ ውስጥ ማንም ክፉ ሆኖብኝ አያውቅም። ይህን አስቀድሜ መናገር እፈልጋለሁ፤ ኋላ የምነግራችሁ ነገር የክፉ ሰዎች ሥራ እንዳይመስላችሁ።

ሥራዬ ከጦሳ ተራራ ወገብ እስከ ሰኞ ገበያ በሚወርደው ገመድ ላይ ነው። ሰው ገመዱ ላይ የተንጠለጠለውን ክፍል ሣጥን ይለዋል፤ እኔን ደግሞ ባለሣጥኗ። በቀን ሃያ ሁለት ጊዜ እወርዳለሁ፣ ሃያ ሁለት ጊዜ እወጣለሁ። በር እከፍታለሁ፣ በር እዘጋለሁ፣ የተሳፋሪ ብዛት እጽፋለሁ። ከላይ ሆኜ የከተማውን በሮች አያለሁ። ብዙው ነጭ ነው። ቀዩ ወር ላይ ያለች ሴት ቤት ነው። ቢጫው ወሯ ሦስት ቀን የዘገየባት ናት። አሥር ቀን ከሞላው አረንጓዴ ይሆናል፤ አረንጓዴ ማለት የእናትነት መዝገብ ገብታለች ማለት ነው። መዝገቡ መግቢያ እንጂ መውጫ የለውም። መውጫው ልጅ ነው። ልጁ ከጠፋ ሴትዮዋም የረዳቻትም ሰባት ሰባት ዓመት ይታሰራሉ።

በልጅነቴ እንዲህ አልነበረም። ሰኞ ገበያ ያለው ትምህርት ቤት በተማሪ እጦት ተዘግቶ የአረጋውያን መዋያ ሲሆን አስታውሳለሁ። የሴትን ወር ከእጇ ላይ እያነበበ ለበሯ መብራት የሚነግረው አምባር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በክፍላችን የነበርነው ሴቶች አራት ብቻ ነበርን፤ አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላን በአንድ ቀን አጠለቅን። ኬክ ተቆርጦልን ነበር፣ ፎቶም ተነሥተናል።

መብራቱ ቢጫ በሆነ ዕለት ባለቤቴ ናሆም ከሥራ ሲመለስ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ናሆም የመንገድ መብራት ጠጋኝ ነው። መብራት ባየ ቁጥር የተበላሸ የሚመስለው ሰው፣ ያን ቀን አልጠረጠረም። «ኤፊ» አለኝ። የስድስት ዓመቷን ልጃችንን ሄራንን ከመሬት አንሥቶ አሽከረከራት፤ እሷም ለምን እንደሆነ ሳታውቅ ትስቅ ነበር።

ሄራን ስትወለድ ደሜ አልቆም ብሎ ሁለት ቀን ራሴን ሳላውቅ ተኝቻለሁ። የነቃሁ ዕለት ሐኪሙ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ «ሁለተኛ እንዳትሞክሪው፤ አትተርፊም» አለኝ። ለናሆም ያኔውኑ ነግሬዋለሁ። ወንድ ልጅ ላይ የምጥ ወሬ አይበረክትም፤ ዓመት ሳይሞላው ረሳው። ሐኪሙም ሌላ አገር ሄደ። ያለኝ ነገር መዝገቡ ውስጥ የለም። በስሜ የተጻፈው «አንድ ልጅ፣ ጤነኛ፣ ቦታ አለ» የሚል ብቻ ነው።

ናሆምና እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ ቀን እየቆጠርን ኖርን፤ እሱ ለመውለድ እየቆጠረ፣ እኔ ላለመውለድ። ሐምሌ አሥራ አንድ ቀን ቆጠራዬ ተሳሳተ። በማግስቱ ጠዋት የሄድኩት ኢክራም ዘንድ ነው።

ኢክራም አምባር በአንድ ቀን ካጠለቅነው ከአራታችን አንዷ ናት። ሰኞ ገበያ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። ከግንኙነት በኋላ የሚዋጠው እንክብል አያቶቻችን ወጣት ሳሉ በየፋርማሲው ከማስቲካ ጎን ይሸጥ ነበር ይባላል። አሁን ከየት እንደሚገኝ የምታውቀው እሷ ናት፤ እኔ ጠይቄያት አላውቅም፣ እሷም ነግራኝ አታውቅም። በጨጓራ መድኃኒት ማሸጊያ ጠቅልላ ሰጠችኝ፣ ሣጥኑ ውስጥ ሆኜ ያለ ውሃ ዋጥኩት። እኔ ብያዝ በራሴ ሥራ ነው። እሷ ብትያዝ ግን በኔ ነው፤ ይህን ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

የወር አበባዬ ሐምሌ ሃያ ስድስት መምጣት ነበረበት። አልመጣም።

ያን ሰሞን የሆንኩትን መናገር ያሳፍረኛል። በየሰዓቱ ሽንት ቤት እሮጣለሁ። አያለሁ፣ ነጭ ነው። ሆዴን ቁርጠት ሲነካኝ ደስ ይለኛል፤ ሲተወኝ እናደዳለሁ። ጣቢያው ላይ ከባድ ጎማ እያነሣሁ አስቀመጥኩ፤ አለቃዬ አይቶኝ ሮጦ ተቀበለኝ። ሰው ሁሉ የያዝኩትን ይቀበለኛል። የጎረቤት ልጆች እንኳ ደረጃ ላይ ሲያገኙኝ ግድግዳው ላይ ተለጥፈው ያሳልፉኛል።

ነሐሴ አንድ፣ ፍልሰታ በገባ ዕለት፣ ኢክራም ሣጥኑ ውስጥ ገባች። ሰው ሁሉ እስኪወርድ ጠብቃ፣ ብቻችንን ሆነን ከቦርከና ወንዝ በላይ ስንደርስ ነው አፏን የከፈተችው። እዚያ ቦታ ነፋስ ብቻ ነው የሚሰማን።

«ስንት ሆነ?» አለችኝ።

«አምስት ቀን።»

«አብሽሪ። እንክብሉ ራሱ ያዘገያል ብዬሽ የለ? አንድ ሳምንት ሊያዘገይብሽ ይችላል። አንዳንዷን ደግሞ ያስቀድምባታል።»

«ከሳምንት ካለፈስ?»

ኢክራም ወደ መስኮቱ ዞረች። «ድሮ ቢሆን ሂጂና ተመርመሪ ነበር የምልሽ።»

«አሁንስ?»

«አሁን መመርመሪያው ያለው መዝገብ ቤት ነው። በእግርሽ ሄደሽ መርምሩኝ ስትያቸው መጀመሪያ የሚጠይቁሽ ምን ብታደርጊ ነው የጠረጠርሽው ብለው ነው።»

«ጡቴን ያመኛል» አልኳት። «ጠዋት ጠዋት ያቅለሸልሸኛል።»

«እንክብሉም እንደዚያ ያደርጋል።»

«እርግዝናም እንደዚያ ያደርጋል።»

«ጾምም ያደርጋል ኤፍራታ። በባዶ ሆድሽ ሃያ ሁለቴ ስትወርጂ ስትወጪ ምን ልትሆኚ ኖሯል?» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ።

ሣጥኑ ወደ ሰኞ ገበያ መውረድ ሲጀምር፣ «እናንተ የደጅ እናት አላችሁ አይደል?» አለችኝ።

አለችን። አምባሩ በደሴ ብርድ አይታመንም፤ በክረምት ከአምስት ሴት የአንዷን ይስታል። ስለዚህ ቀበሌው ከሐምሌ እስከ ጳጉሜን የደጅ ምስክር ይቀበላል። ወር ላይ ያለች ሴት ቤተ ክርስቲያን አትገባም፤ ከደጀ ሰላሙ ውጭ ቆማ ነው የምታስቀድሰው። በየደጁ አንዲት ትልቅ ሴት ተመርጣ ትቀመጣለች። ሦስት ቀን ተከታትላ ውጭ ያየቻትን ሴት ለቀበሌው ታሳውቃለች፣ አምባሩ ያለውን ቢል ቢጫው ይጠፋና በሩ ይነጣል። በመስጊድም በኩል እንዲሁ ሶላት ያቋረጠችዋን ልብ የምትል ሴት አለች። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይህ ነው፤ ከአምባሩ አምልጠን የምንገባው ጎረቤታችን ዓይን ውስጥ ነው።

«ሦስት ቀን ቁሚ፤ ምንም አትናገሪ» አለች ኢክራም። «እዚያ የሚቆም ሰው አይጠየቅም።»

«ውሸት ነው እኮ። ያውም በፍልሰታ።»

«የኔ ደግሞ ሰባት ዓመት ነው» አለችኝ። በሩን ከፈትኩላት፣ ወረደች።

የኛ ሰፈር ማርያም ደጀ ሰላሟ በድንጋይ የተሠራ ነው። ከውጭ በኩል አንድ የወይራ ዛፍ አለ፤ ሴቶቹ ከሱ ሥር ጥላ ዘርግተው ይቆማሉ። ነሐሴ ሁለት ከቀትር ፈረቃዬ ወጥቼ ሄድኩና ከስምንት ሴቶች ኋላ ቆምኩ። አንዷም ዞራ አላየችኝም። ዝናቡ ያካፋል፣ ቅዳሴው በድምፅ ማጉያው ይሰማል። ሌላ ጊዜ ልቤን የሚያረጋጋው ዜማ ያን ቀን እላዬ ላይ የወጣ ክስ ሆነብኝ። ጸሎት ጀመርኩና ምን ብዬ እንደምጨርሰው ጠፋኝ። ደም ስጪኝ ተብሎ እመቤታችን ትለመናለች? እኔ ግን ለመንኳት።

የደጃችን እናት እማማ ብሌን ናቸው። ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ከኛ ሥር ያለው ቤት ውስጥ ይኖራሉ። ከሐኪም ቤት የወጣሁ ሰሞን ገንፎ እያጎረሱ ሰው ያደረጉኝ እሳቸው ናቸው። ደጀ ሰላሙ ጥግ ላስቲክ ወንበር ላይ፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው ይቀመጣሉ። ወረቀት አይዙም። ለእያንዳንዷ ሴት አንድ ክር አላቸው፤ ለአንድ ቀን አንድ ቋጠሮ። ቀበሌው ወረቀት ቢሰጣቸው ወረቀት ይሰረዛል ብለው እንቢ አሉ ይባላል። ሲያዩኝ ቅንድባቸውን ከፍ አደረጉ። በሬ ቢጫ እንደሆነ ያውቃሉ። ከዚያ ከጋቢያቸው ውስጥ አዲስ ክር አወጡና ቋጠሩ።

ነሐሴ ሦስትም ቆምኩ። ሁለተኛው ቋጠሮ ተቋጠረ። ያን ቀን ቤት ስገባ ናሆም ለኔ ብሎ ወተት አፍልቶ ጠበቀኝ። «ጾም ነው» አልኩት። «ላንቺ አይደለም» አለኝ። ልጄ ፊት እንዳልጨቃጨቅ ጠጣሁት፤ ኋላ ሽንት ቤት ገብቼ አስመለስኩት። ያስመለሰኝ ኅሊናዬ ይሁን ሌላ፣ ያንን ለይቶ የሚነግረኝ አልነበረም።

ነሐሴ አራት ሦስተኛው ቀን ነበር። ከትናንት ማታ ጀምሮ ውሃ በአፌ አልዞረም። ቅዳሴው ዘጠኝ ሰዓት ላይ አለቀ፣ አንዲት ቋጠሮ ብቻ ቀርታኝ ነበር። ከደጀ ሰላሙ ውጭ የሚቆመው ሁሉ ወር ላይ ያለ አይደለም፤ ያረፈደ አለ፣ ሕፃን የሚያባብል አለ፣ መግባት ያቃተው በሽተኛ አለ። ለነሱ ዲያቆኑ በማንቆርቆሪያ ጠበል ይዞ ይወጣል። የወይራው ሥር ያሉት ሴቶች እሱ ሲመጣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላሉ።

እኔ አላልኩም። ዲያቆን ማንቆርቆሪያ ይዞ ሲመጣ እጅ ይዘረጋል፤ ከሦስት ዓመቴ ጀምሮ እጄ የሚያውቀው ይህን ነው። ዘረጋሁ። ቀዳልኝ፣ ጠጣሁ። ደግሜ ዘረጋሁ፣ ደገመልኝ። የተረፈውን ፊቴን አበስኩበት። እንዴት እንደቀዘቀዘና እንዴት እንደጣፈጠኝ አሁንም ትዝ ይለኛል።

ዓይኔን ስገልጥ እማማ ብሌን ያዩኛል። ክሬ በጣታቸው መካከል ነበር። ሦስተኛውን አልቋጠሩትም።

በወሯ ላይ ያለች ሴት ጠበል አትጠጣም። ይህን ደሴ ውስጥ የማያውቅ ሕፃን የለም። አምባር ሊሳሳት ይችላል፣ መብራት ሊሳሳት ይችላል፤ እየደማች በፍልሰታ ጠበል የምትጠጣ ሴት ግን እማማ ብሌን በስልሳ ስምንት ዓመታቸው አላዩም። ዲያቆኑ ማንቆርቆሪያውን ይዞ ወደሚቀጥለው ሰው አለፈ። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ በራችን ተንኳኳ። እማማ ብሌን የአጃ ሾርባ በቴርሞስ ይዘው መጡ። ናሆም ወንበር አቀረበላቸው፤ ሄራን ጭናቸው ላይ ወጣች።

«ትናንት አየሁሽ ኤፍዬ» አሉኝ። «ጠበሉን ስትጠጪ።»

«በስህተት ነው እማማ። ጠምቶኝ ነው፣ እጄ ነው…»

«ተይ። እኔን አትዋሺኝ የኔ ልጅ።» ድምፃቸው ላይ ቁጣ አልነበረም። «ገብቶኛል እኮ። ዓይን ፈርተሽ ነው። ቢጫው ሲበራ ሰፈሩ ሁሉ አፍጥጦ ሲያይሽ፣ ሳይጸና አይወራ ብለሽ በወር አሳበሽ ደጅ ቆምሽ። እናቴም እኔን ስታረግዝ አምስት ወር በነጠላ ሸፍናኛለች።»

ናሆም ወደኔ ዞረ። ፊቱ ላይ የነበረውን ማየት አልቻልኩም።

አፌን ከፈትኩ። ወር ላይ ነበርኩ ብል አያምኑኝም፤ ጠበሉን ጠጥቻለሁ። አላረገዝኩም፣ ማርገዝም አልፈልግም ብል፣ ታዲያ ምን አድርገሽ ነው ይሉኛል፤ የዚያ ጥያቄ መልስ ኢክራም ናት። አፌን መልሼ ዘጋሁት።

«ነገሩ ደግሞ መዋሸትሽ ለልጁም አይበጅም» አሉ እማማ ብሌን ሄራንን ፀጉሯን እየደባበሱ። «ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ራሴ መዝገብ ቤት ሄጄ ነገርኩልሽ። ነገ በመብራት ከሚታወቅ በሰው አፍ፣ በምርቃት ቢገባ ይሻላል ብዬ ነው። ቡዳውም አይቀድምሽ።»

ተናግረው ሳይጨርሱ ግድግዳው ላይ ያረፈው ቢጫ ብርሃን አረንጓዴ ሆነ። ናሆም ተንበርክኮ የእማማ ብሌንን ጉልበት ሳመ። እሳቸው አለቀሱ፤ ሦስት ልጆቻቸው ያለ ልጅ መቅረታቸውን ያን ቀን ነው የነገሩን። እኔ ያን ሰዓት ጠላኋቸው። ሲያለቅሱ ደግሞ አሳዘኑኝ፤ አቅፌ አባበልኳቸው። አሁንም እወዳቸዋለሁ፣ ይህ ለማንም እንደማይገባ አውቃለሁ።

ነሐሴ ስድስት መዝገብ ቤት ሄጄ አምባሬ ተቆረጠ። አረንጓዴ የሆነች ሴት አምባር አያስፈልጋትም፤ ከዚያ በኋላ የሚጠብቃት ሰው ነው። መቀሱን የያዘችው ልጅ ደስ የምትል ናት፤ እጄን ቆንጥጣኝ እንደሆነ ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ።

«ከመስቀል ማግስት መኪና ይመጣልሻል» አለችኝ። «ኮምቦልቻ እናቶች ቤት ነው የምትሄጂው። እስክትወልጂ እዚያ ነሽ፤ ትልቋን ልጅሽን ይዘሽ መግባት አይቻልም። የምትመረመሪውም እዚያ ስትደርሺ ነው።»

«ዛሬ አልመረመርም?»

«በሰው ምስክር ለገባ?» ፈገግ አለች። «እማማን መጠራጠር ይሆንብናል እኮ።»

ሥራዬን በዚያው ዕለት አስረከብኩ። አለቃዬ ወንበሩን ቤትሽ ውሰጂው አለኝ።

ነሐሴ ሰባት ጠዋት መጣ።

ሽንት ቤት ወለል ላይ ተቀመጥኩና አፌን በፎጣ አፍኜ ሳቅኩ። አሥራ አንድ ቀን ዘግይቶ፣ ቁርጠቱም ደሙም እንደ ወትሮው ሆኖ መጣ። ለምን ያህል ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም፣ ብቻ ደስ አለኝ። እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ከዚያ በሩ ላይ ያለው መብራት ትዝ አለኝ።

ከሦስት ቀን በፊት ቢሆን ስሙ ወር ነበር። ዛሬ ስሙ የጠፋ ልጅ ነው። አርግዤ ኖሬ ይሁን ወይም እንክብሉ ያዘገየብኝ ብቻ ይሁን እኔም አላውቅም፤ ብጠይቅ የሚነግሩኝ ሰዎች የሚያስሩኝ ናቸው። ቤት ውስጥ ሞዴስ አልነበረም፤ ሞዴስ የሚመጣው ለቀይ በር ነው፣ ለአረንጓዴ አይሰጥም። ሄራን ጨቅላ ሳለች የምትታሰርበትን የሽንት ጨርቅ ከሻንጣ ፈልጌ አወጣሁና ቀደድኩት።

ኢክራምን ፋርማሲው በር ላይ ጠበቅኳት። ሣጥኑ ውስጥ አዲሷ ባለሣጥን ስላለች ወደ ቧንቧ ውሃ በሚወስደው ደረጃ በእግር ወጣን። ነገርኳት። እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ አስቀድማ የተናገረችው «አልሐምዱሊላህ» ነበር። ሁለት ደረጃ ከወጣን በኋላ ገባትና ቆመች።

«ማን አየ?»

«ማንም።»

«ናሆምስ?»

«እሱ የሕፃን አልጋ ሊፈልግ ወጥቷል።»

ዝናቡ ሲበረታ አንድ በረንዳ ሥር ተጠለልን። ኢክራም፣ «ጾማችሁ መቼ ነው የሚፈታው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ነሐሴ አሥራ ስድስት።»

በጣቷ ቆጠረች። «ከአሥራ ዘጠኝ እስከ ሃያ አንድ» አለች።

አልገባኝም። ኋላ ገባኝና ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

«መኪናው ሲመጣ ማህፀንሽ ውስጥ የሆነ ነገር መኖር አለበት» አለች ኢክራም፤ እያየችኝ አልነበረም። «አነሰ ይላሉ። አነሰ ይበሉ። የለም ካሉ ግን አለቀልሽ።»

«አትተርፊም ተብያለሁ እኮ ኢክራም።»

«አውቃለሁ።»

«አንቺ ነሽ እንክብሉን የሰጠሽኝ።»

«አውቃለሁ አልኩሽ እኮ።» እንባዋ ወረደ። «ሌላ መንገድ ቢኖረኝ እሱን እነግርሽ አልነበር? ከፈለግሽ ዛሬውኑ ሄጄ እኔ ነኝ የሰጠኋት እላለሁ። አንቺ ግን በዚያም አትድኚም።»

እንድትሄድ አልፈልግም አልኳት። እውነቴን ነው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ሲሉ እሰማ ነበር፤ የጠላሁትን እኔው ራሴ ለምኜ እንደማመጣው ግን ማንም አልነገረኝም። እዚያው በረንዳ ሥር፣ ላረግዝ የምችልበትን ነሐሴ ሃያን በልቤ ያዝኩ። ለሄራን ምን ብዬ እንደምነግራት ማሰብ ጀምሬ ተውኩት።

ነሐሴ ሰባት ጽንሰታ ነው፤ እመቤታችን በእናቷ በሐና ማህፀን የተፀነሰችበት በዓል። በየዓመቱ በዚህ ዕለት የከተማው አረንጓዴ ሴቶች ቅዳሴው ላይ ከፊት ይቆማሉ። አምስት ሰዓት ላይ እማማ ብሌን ነጭ ለብሰው፣ የኔንም ነጠላ ራሳቸው አጥበው አምጥተው በሬ ላይ ቆሙ። አሞኛል አልኳቸው። «ታዲያ ሲያምሽ አይደል የሚኬደው?» አሉና ክንዴን ያዙኝ።

የወይራው ሥር ያን ቀን ስድስት ሴቶች ቆመዋል። ከነሱ ጋር መቆም የነበረብኝ ያኔ ነው። ሆዴን ይቆርጠኛል፤ ጨርቁ ከብዶኛል፤ በእያንዳንዱ እርምጃ የሚወርድ ይመስለኛል። አንዷ፣ ገና ሃያ ዓመት የማይሞላት፣ ቀና ብላ አየችኝና ቀናችብኝ። ዓይኗን አነበብኩት። እኔም ቀናሁባት።

ሰላሳ ሦስት ዓመቴ ነው። በደሜ ላይ ሆኜ ያንን በር አልፌ አላውቅም፤ እናቴም፣ እናቷም አላለፉም። ሕግ ስለሆነ አይደለም፤ የማምንበት ነገር ነው። ሰው መዝገብ ሊዋሽ ይችላል፣ ቀበሌ ሊዋሽ ይችላል። ጫማዬን አወለቅኩ። ደፉ ላይ ስደርስ እግሬ እንቢ አለኝ። እማማ ብሌን የደከመኝ መስሏቸው ወገቤን ደገፉኝ፣ ቀስ በይ አሉኝ፣ ገባሁ።

ከፊት ሰባት ሴቶች ነበሩ። ከኔ ጋር ስምንት ሆንን። ምንጣፉን እያየሁ ቆምኩ፤ ከእግሬ ሥር ነጭ ቦታ ነበረው፣ እሱን ብቻ እያየሁ እስከ ፍጻሜው ድረስ ቆምኩ። መብረቅ አልወረደም። መሬትም አልተከፈተችም። ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ሕዝቡ ሊሰናበት ሲል እማማ ብሌን ወደኔ ዞሩና መዳፋቸውን በነጠላዬ ላይ አልፈው ሆዴ ላይ አሳረፉ። እጃቸው ሞቃት ነበር።

«በማህፀንሽ ያለውን እመቤታችን ታጽናልሽ» አሉኝ።

ማህፀኔ ውስጥ ምንም አልነበረም፤ ያለውም እየወረደ ነበር። «አሜን» አልኩ፤ ነሐሴ ሃያን እያሰብኩ፣ ከልቤ።